ጅቡቲ ከወደቧ ባሻገር

ተነጋጋሪዎቹ አጎትና የእህት ልጅ ናቸው። እሱ ዕድሜውን በጅቡቲ መስመር ላይ የፈጀ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ እሷ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ስለ ጎረቤት አገሮች የምታስተምርበት ሳምንት ደርሶ ስለ ጅቡቲ ልትጠይቀው መጣች። ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ግን ጠያቂና መላሽ ይቀያየሩ ጀመር።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ጅቡቲ ሲባል ቀድሞ ምን ይመጣብሃል?

ሹፌሩ፦ ሙቀት። ከሙቀት ቀጥሎ ወረፋ። ድንበሩ ላይ፣ ገላፊ፣ ወረቀት እስኪያልቅ ትጠብቂያለሽ፣ ወደብ ላይ ደግሞ ኮንቴይነሩ እስኪጫን። እኛ አገር ክረምት ገብቶ ዝናብ ሲጥል፣ እዚያ ኻምሲን የሚሉት ነፋስ ይነሳል። አቧራ ተሸክሞ የሚመጣ ትኩስ ነፋስ ነው፤ ፊት ይለበልባል። ቀን ከነዳሽ ጎማሽ ይፈነዳል፣ ስለዚህ አብዛኛውን መንገድ በሌሊት እንጨርሰዋለን። እውነቱን ልንገርሽ፣ አገሪቱ ድንጋይና ወደብ ናት።

መምህርቷ፦ ተማሪዎቼም የሚሉኝ ይህንኑ ነው። ስለ ፈረንሳይና ስለ አሜሪካ ብዙ ነገር ይነግሩኛል፤ ዕቃችን ሁሉ ስለሚያልፍባት አገር ግን “ወደብ” ብለው ይዘጋሉ። ባለፈው የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ የት ነው ብዬ ብጠይቃቸው ሁሉም በአንድ ድምፅ ዳሎል አሉ።

ሹፌሩ፦ አይደለም እንዴ?

መምህርቷ፦ አይደለም። የእኛ ደናክል ዝቅተኛው ቦታ ከባሕር ወለል በታች 125 ሜትር ያህል ነው። የጅቡቲው የአሳል ሐይቅ ግን 155 ሜትር ዝቅ ይላል። ከአፍሪካ አንደኛ ነው፤ ከዓለም ደግሞ ከሙት ባሕርና ከገሊላ ባሕር ቀጥሎ ሦስተኛ።

ሹፌሩ፦ አሳልንስ አይቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ጭነት ሲዘገይብኝ አንድ የአፋር ወዳጄ ይዞኝ ሄደ። ከላይ ሆነሽ ስታይው ዙሪያው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ መሃሉ ሰማያዊ ውኃ፣ ዳርና ዳሩ ዓይን የሚወጋ ነጭ ጨው። ወርደሽ ስትረግጪው ጨው አይመስልም፤ ጫማ ሥር እንደ ጠጠር ይንኮሻኮሻል። እጄን ነክሬ አወጣሁት፣ ነፋሱ ወዲያው አደረቀውና ቆዳዬ ነጭ ሆኖ ቀረ። ልጆች ክብ ክብ የሆነ ጨው ለጎብኚ ይሸጣሉ፤ ሰው ያድቦለቦለው መስሎኝ ነበር፣ ለካ ውኃው ራሱ እያንከባለለ የሚሠራው ነው። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። እዚያ አካባቢ ወንዝ የሚባል አላየሁም፤ ዝናብም የለም። ታዲያ ያ ሁሉ ውኃ ከየት መጣ?

መምህርቷ፦ ከባሕር። ከሐይቁ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብትሄድ ጉቤት የሚባለውን የባሕር ወሽመጥ ታገኛለህ። የባሕሩ ውኃ በመካከላቸው ባለው በተሰነጣጠቀ ድንጋይ ውስጥ ለውስጥ ሰርጎ ወደ አሳል ይወርዳል። ሐይቁ መውጫ የለውም፣ ፀሐይዋ ደግሞ ውኃውን ያለ ፋታ ታተነዋለች። ጨው ይቀራል፣ አዲስ ውኃ ይገባል፣ እንደገና ጨው ይቀራል። በዚህ የተነሳ ጨዋማነቱ ከተራ የባሕር ውኃ 10 እጥፍ ሆነ።

ሹፌሩ፦ ይህን ወዳጄም አልነገረኝ። የእሱ አባቶች ጨዉን በግመል ጭነው ወደ እኛ ደጋ ያወጡ እንደነበር ግን አጫውቶኛል።

መምህርቷ፦ ሌላም ልጨምርልህ። በጉቤትና በአሳል መሃል ያለውን መሬት አይተሃል?

ሹፌሩ፦ ጥቁሩን? ትናንት የተቃጠለ ይመስላል።

መምህርቷ፦ ትናንት ባይባልም ሩቅ አይደለም። በ1971 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ማብቂያ ላይ አርዱኮባ የሚባል እሳተ ገሞራ እዚያው ፈንድቶ ለአንድ ሳምንት ያህል እሳት ተፋ። በዚያች አጭር ጊዜ መሬቱ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ጎን ተከፍቷል። ብዙ ጊዜ አህጉር የሚላቀቀው በዓመት በሚሊ ሜትር እየተለካ ነው፤ እዚያ ግን የሰው ዓይን እያየው ሆነ። አፋርና ጅቡቲ የአፍሪካ፣ የዓረቢያና የሶማሌ የመሬት ንጣፎች የሚለያዩበት መገናኛ ነው። ከመላው ዓለም የሥነ ምድር ሊቃውንት እዚያ የሚመላለሱት ሌላ ቦታ ውቅያኖስ ሥር የተደበቀው ነገር እዚያ በእግር የሚኬድበት ደረቅ መሬት ላይ ስለወጣ ነው።

ሹፌሩ፦ እኛ ደግሞ “ድንጋይ” ብለን እናልፈዋለን።

መምህርቷ፦ ድንጋዩም ቢሆን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከታጁራ በላይ ጎዳ የሚባሉት ተራሮች ላይ ዳይ የሚባል የጥድ ደን አለ፤ የእኛው ደጋ ጥድ ነው። በሌላ በየትም አገር የማይገኝ ቆቅ በዚያው አካባቢ ይኖራል። ግን ጥዱ እየደረቀ ነው፣ ቆቁም ከምድር ሊጠፋ ከተቃረቡ አዕዋፍ ጋር ተመዝግቧል። ባሕሩ ላይ ደግሞ ከጥቅምትና ኅዳር ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ የሆነው ዌል ሻርክ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል። ሰው አይነካም፣ አጠገቡ የሚዋኙ አሉ።

ሹፌሩ፦ ደን አለ ብለሽ ስትነግሪኝ ከሁሉ በላይ ገረመኝ። በዚያ መስመር ስንት ዘመን ስመላለስ ጥላ ያየሁት ከቤት ግድግዳ ሥር ነው።

መምህርቷ፦ ታሪኩንስ? አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ አልነበረም?

ሹፌሩ፦ ነበር እንጂ! ድሬዳዋ ነው ያደግነው። ቀኑን በባቡሩ ፉጨት እንለየው ነበር። ድሬ ማለት የባቡሩ ልጅ ናት፣ ባቡሩ ደግሞ የጅቡቲ።

መምህርቷ፦ ትክክል ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሸፍኔ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው ከጅቡቲ በኩል እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀመረ። መጀመሪያ ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው፤ ተራራው አስቸገረና ወጪው ከበደ፣ ስለዚህ ከታች ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ማብቂያ ነው። አዲስ አበባ ለመድረስ ሌላ 15 ዓመት ወሰደበት። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

ሹፌሩ፦ ጅቡቲ ከተማዋስ ከዚያ በፊት ነበረች?

መምህርቷ፦ ለባቡሩ አሥር ዓመት እንኳ አትቀድመውም። ፈረንሳዮች መጀመሪያ የያዙት ኦቦክን ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1862። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ጅቡቲን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። የዚያን ጊዜው ገዢ ላጋርድ ከምኒልክ ጋር እ.ኤ.አ. በ1897 ወሰን ተዋዋለ፤ ምኒልክ “የእንጦጦ መስፍን” የሚል ማዕረግ ሰጥተውታል። አንድ የፈረንሳይ ቅኝ ገዢ የእንጦጦ መስፍን ተብሎ ሲጠራ አስበው። ታጁራ ግን ከሁለቱም በዕድሜ በብዙ ትበልጣለች። የነጋዴና የሲራራ ከተማ ናት፤ ሰባት መስጊድ አላት ይባላል። ገጣሚው ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ ሲራራ እስኪነሳለት ወራት የጠበቀው እዚያ ነው።

ሹፌሩ፦ ጃንሆይ ኃይለ ሥላሴም ጣሊያን ሲወረን በጅቡቲ በኩል ነው የወጡት። አባቴ ደጋግሞ ያነሳው ነበር።

መምህርቷ፦ አዎ፣ ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በባቡር ጅቡቲ ወርደው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። የባቡሩ ታሪክ ደግሞ በሌላ በኩል ይገለበጣል፤ የዛሬው የጅቡቲ ፕሬዚዳንት ኢስማኤል ኦማር ጌሌ የተወለዱት ድሬዳዋ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1947።

ሹፌሩ፦ ይህንንስ ጅቡቲ የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። አማርኛም ይናገራሉ። እዚያ ገበያ ስትወጪ አማርኛ የሚመልስልሽ ሰው አታጪም።

መምህርቷ፦ ነፃ የወጡት በ1969 ዓ.ም. ሰኔ 20 ነው። በአህጉሩ ዋና ምድር ላይ ከፈረንሳይ እጅ ያመለጠች የመጨረሻዋ አገር እሷ ናት። ከዚያ በፊት አሥር ዓመት ያህል “የአፋርና የኢሳ የፈረንሳይ ግዛት” ነበር ስሟ።

ሹፌሩ፦ አፋርና ኢሳ ስትይ አንድ ነገር አስታወስሽኝ። ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ በሚወስደው መንገድ አንድ ባልደረባችን ግመል ገጨ። ግመሏ ሞተች። እኛ ፖሊስ ይመጣል፣ ክስ ይከፈታል ብለን ተጨንቀናል። የመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። ግራር ሥር ቁጭ አሉ፣ ባለ ግመሉ ተናገረ፣ ሹፌሩ ተናገረ። ማንም አልጮኸም። አንዱ ሽማግሌ ከዚህ በፊት የተፈረደ ነገር እየጠቀሰ፣ ሌላው እየጨመረ፣ ካሳውን ቆረጡ። ወረቀት የለ፣ ማኅተም የለ። በማግስቱ ተከፍሎ አለቀ፤ ባለ ግመሉ ባልደረባችንን ሻይ ጋበዘው።

መምህርቷ፦ ያየኸው የኢሳ ሔር ነው። በጽሑፍ ያልሰፈረ፣ በቃል የተላለፈ ሕግ። በራሳቸው ትውፊት 44 አባላት ያሉት ጉባኤ አላቸው፣ በላዩ ኡጋስ የሚባለው መሪያቸው ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ አቅርበውት ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። የአፋሮቹም የራሱ ውበት አለው። በታጁራ ሱልጣንነት ሁለት ቤተሰቦች ይፈራረቃሉ፤ ከአንዱ ቤት ሱልጣን ሲነግሥ ከሌላው ቤት ምክትል ይሆናል፣ ሱልጣኑ ሲያልፍ ምክትሉ ይተካል፣ ለቀጣዩ ደግሞ ተራው ይመለሳል። በወረቀት ላይ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ይዘው ሥልጣን ማስረከብ ያቃታቸው ስንት መንግሥታት አሉ!

ሹፌሩ፦ እንደዚያ ሆኖም ተዋግተዋል።

መምህርቷ፦ ተዋግተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የእርስ በርስ ጦርነት ነበር፤ የመጨረሻው ስምምነት የተፈረመው በ2001 ነው። ያን ጠባሳ መደበቅ አይገባም። አገሪቱ አንድ ሚሊዮን ከጥቂት ሕዝብ ነው ያላት፣ ከአራቱ ሦስቱ ከተማ ውስጥ ነው የሚኖረው። እንዲህ ባለች ትንሽ አገር ውስጥ ጠብ ሩቅ ሰፈር አይደለም፣ ጎረቤት ነው።

ሹፌሩ፦ ከተማውን ለማወቅ ከፈለግሽ እኩለ ቀን ላይ ነይ። ጫቱ ከእኛ ሲደርስ መንገዱ ይለወጣል። ሴቶቹ በየጥጉ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው፣ ጫቱን እርጥብ ጨርቅ አልብሰው ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ከተማው ይቀዘቅዛል። እኔ አልወደውም፤ የድሃ ገንዘብ የሚበላ ነገር ነው፣ ላኪዎቹም እኛ ነን። ምግቡን ግን አመሰግናለሁ። የየመን ዓሣ የሚሉት አለ። ትልቁን ዓሣ ከጀርባው ሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ ይከፍቱታል፣ በርበሬ ይቀቡታል፣ በጭቃ ምድጃ ግድግዳ ላይ ያበስሉታል። ዳር ዳሩ አርሮ፣ መሃሉ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። በሰፊ ቂጣ ነው የሚበላው፣ በእጅ፣ ከአንድ ሳህን። ከሌሊት መንዳት በኋላ እንደዚያ ያለ ምግብ የለም።

መምህርቷ፦ ብራቸውስ?

ሹፌሩ፦ ፍራንካቸው? አንድ ዶላር 177። ሥራ ስጀምር 177፣ ዛሬም 177። የእኛ ብር ስንት ጊዜ ወረደ፤ የእነሱ ንቅንቅ አላለም። ሁልጊዜ ይገርመኛል።

መምህርቷ፦ እ.ኤ.አ. በ1949 ነው ከዶላር ጋር ያሰሩት፣ የአሁኑ ዋጋ ደግሞ ከ1973 ጀምሮ አልተለወጠም። ሌሎቹ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች በፈረንሳይ ገንዘብ ሥር ሲቀሩ እሷ በዶላር ሄደች። ለወደብና ለንግድ ነው። የጦር ሰፈሮቹም ከዚሁ ነው የሚመጡት፤ ባብ ኤል ማንደብ የሚባለው የባሕር መተላለፊያ እዚያ ጋር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይጠብባል። ፈረንሳይ አለች፣ አሜሪካ አለች፣ ጣሊያን አለች። ጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገሯ ውጪ ሰፈር የሠራችው እዚያ ነው፤ የቻይናም የመጀመሪያው የውጭ ሰፈር እዚያው ነው። አንዱ ከሌላው በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆነው ይተያያሉ። ስለዚህ ጉዳይ ዓለም ብዙ ስለጻፈ እኔ ክፍል ውስጥ ብዙ አልቆይበትም። ይልቅ ስለ አህመድ ሳላህ ነው የምነግራቸው።

ሹፌሩ፦ ማነው እሱ?

መምህርቷ፦ ማራቶን ሯጭ ነው፣ የአሊ ሳቢህ ከተማ ልጅ። ሚያዝያ 1980 ዓ.ም. ሮተርዳም ላይ የእኛው በላይነህ ዴንሳሞ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ አሥር ዓመት ያህል ማንም አልደረሰበትም። ይህን እናውቃለን። ሁለተኛ የወጣውን ግን ማን ያውቀዋል? አህመድ ሳላህ ነው፣ በ17 ሰከንድ ተቀድሞ። እሱም ራሱ የቀድሞውን ክብረ ወሰን አልፎታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሶል ላይ ኢትዮጵያ ኦሎምፒኩን ስትቀር እሱ ሮጦ ነሐስ አገኘ። ጅቡቲ እስከ ዛሬ ያላት የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያ ብቻ ነው።

ሹፌሩ፦ የእኛን ሰው እስከ መጨረሻው ያሯሯጠው ጎረቤታችን ነው በይኛ! ይህንን ለጓደኞቼ እነግራቸዋለሁ።

መምህርቷ፦ አሁን ወደ ውኃ ልመልስህ። “ወንዝ አላየሁም” አልከኝ። አላየህም፣ ምክንያቱም ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ የላትም። ለዚህ ነው ከሶማሌ ክልላችን የከርሰ ምድር ውኃ በቧንቧ የሚሄድላት። መብራትም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ከእኛ ትወስዳለች። አትክልቱ፣ ፍራፍሬው ከእኛ ነው። “በእሷ ወደብ እንኖራለን” እንላለን፣ እሷም በእኛ ውኃ ትኖራለች።

ሹፌሩ፦ ወንዝ የላትም ትያለሽ እንጂ፣ አዋሽስ? ወደዚያ አይደል የሚወርደው?

መምህርቷ፦ እዚህ ላይ ነው ተማሪዎቼን የማቆማቸው። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ይነሳል፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ባሕር ግን አይደርስም። ድንበሩ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ያልቃል። በሐይቁ ዙሪያ ከሜዳው ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች አሉ፣ አንዳንዶቹ 50 ሜትር ይደርሳሉ፣ ጠዋት ጠዋት ከአንዳንዶቹ እንፋሎት ይወጣል። ጎብኚው ውበቱን አይቶ ይደነቃል። ዓምዶቹ የተሠሩት ግን ውኃ ውስጥ ነው፤ ፍል ውኃ ከሥር ወጥቶ ከሐይቁ ጋር ሲገናኝ ኖራው ይደድራል። ዛሬ በየብስ ላይ ቆመው የምናያቸው ሐይቁ ከእነሱ ስለሸሸ ነው። በጥንት የአየር ለውጥ የሸሸው አለ። ባለፉት 70 እና 80 ዓመታት የጎደለው ግን አብዛኛው ከላይ አዋሽን ለመስኖ ስለተጠቀምንበት ነው። ሸንኮራውም ጥጡም ያስፈልገን ነበር፤ እሱን አልክድም። ግን የወንዙ መጨረሻ የት እንደሆነና ማን እዚያ ከብት እንደሚያጠጣ አስበን አናውቅም።

ሹፌሩ፦ እኔ ደግሞ ውኃ ሲነሳ የሚታየኝ ሌላ ነው። ከጭነቱም ከሙቀቱም በላይ የሚከብደኝ እሱ ነው።

መምህርቷ፦ በእግር የሚሄዱት?

ሹፌሩ፦ አዎ። ከገላፊ ወዲያ በሌሊት መብራቴን ሳበራ ዳር ይዘው ይታዩኛል። አንዳንዴ አምስት፣ አንዳንዴ ሃያ። አንዳንዶቹ በነጠላ ጫማ። በእጃቸው አንድ የዘይት ጀሪካን ውኃ፣ ለሁሉም። ቆሜ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ከወሎ ነን ይላሉ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከትግራይ። ወዴት ስትይ ኦቦክ፣ ከዚያ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። አንዱ ልጅ ኦቦክ ስንት ሰዓት ይቀራል ብሎ ጠየቀኝ። በሰዓት አይደለም፣ በቀናት ነው አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና መንገዱን ቀጠለ። የያዝኩትን ውኃ ሰጠኋቸው፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ወደ ታጁራ በሚወስደው መንገድ ዳር ድንጋይ የተከመረባቸው መቃብሮች አሉ፤ የእኛ ልጆች ናቸው። የቀበሯቸው የአገሬው ሰዎች ናቸው። ስማቸውን እንኳ አያውቁም፣ ግን ቀብረዋቸዋል።

መምህርቷ፦ ባሕሩም አልማራቸውም። በ2016 ዓ.ም. ብቻ በሁለት ሳምንት ልዩነት ከየመን የሚመለሱ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ሰጥመው በአሥሮች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል።

ሹፌሩ፦ ደላላው ካርታ አያሳያቸውም። “አንድ ቀን ነው፣ ሁለት ቀን ነው” ይላቸዋል። ስለዚህ አሁን የነገርሽኝን ሁሉ ንገሪያቸው፤ አሳልንም፣ ሯጩንም፣ ሽማግሌዎቹንም። ግን ካርታውን ስትዘረጊ ከገላፊ እስከ ኦቦክ ያለውን በጣትሽ እየተከተልሽ አሳያቸው። እዚያ ጥላ የለም። ወንዝ የለም። የምታዪው ውኃ የአሳል ነው፣ እሱ ደግሞ ከባሕር 10 እጥፍ ጨው ነው። ከተማሪዎችሽ አንዱ ነገ ደላላ ሲመጣበት ይህን ይወቅ። ወንድም ካለውም ይንገረው።